የካቶ ልጆች ስም ሲጠራ

እማማ ሮዜና ሃትሊ ተብላ ተወልዳ፣ ሃትሊ የሚባል ሰው አግብታ፣ ሃትሊ እንደሆነች ያረጀች ሴት ነበረች። «ስሜን እንኳ ሳልቀይር ነው የተዳርኩት» እያለች በራሷ ቀልድ ትስቃለች። የእናቴ እናት ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። አባቷ ከወንዙ ወዲህ ካሉት ሃትሊዎች ነው፣ ባሏ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ካሉት። በሁለቱ መካከል ስም እንጂ ደም የለም። በባርነቱ ዘመን ሃትሊ የሚባል አንድ ነጭ የወንዙን ግራና ቀኝ ይዞት ስለነበር፣ ነፃነት ሲመጣ እዚህም እዚያም የነበረው ሰው ሁሉ የጌታውን ስም ተሸክሞ ወጣ። ባዳ ሰው ሲያየን ሁላችንንም ዘመዳሞች ያደርገናል። እኛ ግን ጥርስ ሳናበቅል ጀምሮ ማን የማን እንደሆነ እንማራለን።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። እናቴ ቻርልስተን ከተማ ሆቴል ውስጥ ትሠራና ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። እኔ ከእማማ ሮዜናና ከአጎቴ ከኤላይጃ ጋር ነበርኩ። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሽሪምፕ የሚያጠምድ፣ ንግግሩ አጭር፣ ጥርጣሬው ረጅም የሆነ ሰው። መሬታችን ከትልቁ መንገድ ይነሳና በኦክ ዛፎቹ ሥር አልፎ፣ ጨዋማውን ረግረግ አቋርጦ፣ እስከ ባሕሩ አሸዋ ይደርሳል። የእማማ ሮዜና አያት ካቶ ነበር የገዛው፣ ከነፃነት በኋላ፣ ሩዝ ማሳ ውስጥ ውሃ ውስጥ ቆሞ በሠራው ገንዘብ።

ካቶ ኑዛዜ አልጻፈም። ልጆቹም አልጻፉም። ፍርድ ቤት ደጃፍ የደረሰ የጥቁር ሰው መሬት ተመልሶ አይመጣም ይባል ስለነበር፣ የኛ ሰዎች ወረቀት ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል፤ እነሱ ደግሞ ከጅምሩ ምንም እንዳይዝ ፈለጉ። መሬቱ የካቶ ልጆች ሁሉ ነው፤ የሁሉም ስለሆነ ማንም ብቻውን ሊሸጠው አይችልም። እማማ ሮዜና ይህን ስትናገር ከመጽሐፍ ቅዱስ የምትጠቅስ ይመስለኝ ነበር። እኔም እንደ መጽሐፍ ቅዱስ አመንኩት።

በዚያ ክረምት፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን፣ አንገቱ በፀሐይ የቀላ ቀጭን ነጭ ሰው ደጃችን መጣ። በአንድ እጁ ቴፕ፣ በሌላው የአልጋ ልብስ የሚያህል የተጠቀለለ ወረቀት ይዟል። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ወይዘሮ ሃትሊ፣ ዋረን እባላለሁ። ዋረን ሃትሊ።»

ነጭ ሰው እማማ ሮዜናን ወይዘሮ ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እሷ ግን የምትሰፋውን ዘንቢል ከጭኗ ላይ እንኳ አላነሳችም።

«ከየትኞቹ ሃትሊዎች?» አለችው።

«የ… የትልቁ ቤት።» የጌታው ዘር ነኝ ማለቱ ነው፤ አንገቱ የባሰ ቀላ።

«ስማችሁን ሊወስዱ ከሆነ የመጡት፣ ትንሽ ስለተለበሰ ቅር እንዳይልዎ» አለችና ወንበር አመለከተችው።

ሳቀ። እሷም ሳቀች። ወዳጅነታቸው እንዲህ ተጀመረ። ሃትሊ የሚባል ሁሉ፣ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ ከመጀመሪያው ባሕር ተሻጋሪ ጀምሮ ከየት ወደ የት እንደሄደ እየለቀመ መሆኑን ነገራት። ሌሎች ልጆች ቀንድ አውጣ ቅርፊት እንደሚለቅሙት እሱ ሰው የሚለቅም መሰለኝ። ሥራው በጣም አስቀናኝ።

ከዚያ በኋላ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ይመጣ ነበር። በረንዳው ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ አራቱን ጫፍ በሸርጣን ማሰሮ፣ በድንጋይ፣ በጫማውና በኔ ቂጥ ያስይዛል። እማማ ሮዜና ትናገራለች፣ እሱ መስመር ያሰምራል። ከካቶ ማርች፣ ሴሊናና ጆብ። ከማርች ሮዜና፣ ማለትም እሷ። እየተናገረች ወጣት ትሆናለች። ሰባ ስድስት ዓመት ሙሉ በጭንቅላቷ የተሸከመችውን ቁጭ ብሎ የሚሰማት ሰው አግኝታ አታውቅም፤ እኛ እንኳ «አዎ፣ ነግረሽናል» እያልን እንነሳባት ነበር።

አጎቴ ኤላይጃ ብቻ ከደረጃው ሥር ቆሞ መረቡን እየጠገነ ያጉረመርማል።

«ነጭ ሰው ስለ ጥቁር ሰው አያት እንቅልፍ ሲያጣ ዛሬ ገና አየሁ።»

«አንተ እኮ ጥላህንም አታምነውም» ትለዋለች።

«ጥላዬ ጥያቄ አይጠይቀኝም።»

አንድ ቀን ዋረን እርሳሱን ጆብ የሚለው ስም ላይ አቆመ። ከማርች ሥር ዘር፣ ከሴሊና ሥር ዘር፣ ከጆብ ሥር ነጭ ወረቀት።

«ጆብስ?»

«ጆብ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከአባቱ ተጣልቶ በእንጨት ጫኝ መርከብ ሄደ» አለች እማማ ሮዜና። «እኔ አልደረስኩበትም። አባቴ ማርች ሊሞት ሲል እጄን ይዞ ‹ጆብን መጥራት እንዳታቆሚ› አለኝ። እጠራዋለሁ፤ አይመጣም።»

«ልጆች ወልዶ ቢሆንስ?»

«ወልዶ ከሆነ ይምጡ። ቦታቸው አለ።»

ዋረን ቴፑን አየት አደረገ፣ እየዞረ መሆኑን ለማረጋገጥ። ያኔ ድምጿን ስለወደደው ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ካወቅኩ በኋላ ነው፤ ባሕር ዳሩን ለሀብታሞች መዝናኛ ሊያደርገው የፈለገ አንድ ኩባንያ ነበር ለዋረን የሚከፍለው። ኩባንያው ከኛ አንዱን ለማስሸጥ ሁለት ዓመት ለምኖ፣ ሁላችንም እንቢ ብለነው ነበር። የቀረው መንገድ መሬቱን ዓይቶ የማያውቅ የካቶ ዘር መፈለግ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። የሚገርመኝ፣ ዋረን ስሞቹን ከልቡ ይወዳቸው ነበር፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያም ቢሆን ምንም አልጠቀመንም።

የካቶ ልጆች በየዓመቱ በነሐሴ ሁለተኛው እሑድ እኛ ደጅ፣ ትልቁ ኦክ ሥር ይሰበሰባሉ። ቀይ ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ሸርጣን፣ የባሚያ ሾርባ፣ የስኳር ድንች ኬክ፣ ዝንብና ዘመድ። ጸሎት ሲያልቅ ትልቁ ሰው፣ ማለትም እማማ ሮዜና፣ ብድግ ብላ የካቶን ልጆች በስማቸው ትጠራለች። የተጠራው ወገን «እዚህ ነን» እያለ ይቆማል። እኔ የማርች ወገን ስለሆንኩ መጀመሪያ እቆማለሁ፤ በዚያም በሴሊና ልጆች ላይ እኮራለሁ።

«ማርች» አለች።

«እዚህ ነን።»

«ሴሊና።»

«እዚህ ነን።»

«ጆብ።»

በዚህ ጊዜ ሁልጊዜ ዝም ይባላል። እሷ ትንሽ ትጠብቅና «እግዜር ካለበት ይጠብቀው» ትላለች፣ ከዚያ መብላት ይጀመራል። ልጆች ይህን ዝምታ አንወደውም፣ ዓሣው ይቀዘቅዛላ። በዚያ ዓመት ግን ከሰዉ ጀርባ አንድ የሻከረ ድምፅ «እዚህ ነኝ» አለ።

ስልሳ ዓመት ያለፈው፣ ረጅም፣ ግራጫ ሙሉ ልብስ የለበሰ ጥቁር ሰው ነው። ከጎኑ ዋረን ቆሟል። ሰውዬው ክላረንስ ሃትሊ ነኝ፣ ከፊላደልፊያ ነው የመጣሁት፣ የጆብ የልጅ ልጅ ነኝ አለ። አጎቴ ኤላይጃ «ከማዶዎቹ ሃትሊዎችም ጆብ የሚባል ወደ ሰሜን ሄዷል ይባላል» አለ፣ ሰው እንዲሰማው ጮክ ብሎ።

እማማ ሮዜና በትሯን ይዛ ክላረንስ ፊት ሄዳ ቆመች። እኛ ዘንድ ሕፃን ሲወለድ ከመጠሪያው ሌላ የቤት ስም ይሰጠዋል። የቤት ስም ከቤት አይወጣም፤ ቤተ ክርስቲያን አይጻፍም፣ መቃብር ላይ አይቀረጽም፣ የማዶ ሃትሊዎች አያውቁትም። እማማ ሮዜና ያን ሁሉ ቀን ለዋረን ስታወራ የማንንም የቤት ስም አልነገረችውም።

«አያትህን እቤት ውስጥ ማን ይሉት ነበር?» አለችው።

ሰውዬው አሰበ። «እሱ ራሱን ሲቆጣ…» አለና አፈረ። «ጥፋት ሲያጠፋ ‹አይ ሳንኮ፣ አይ ሳንኮ› ይል ነበር። ትርጉሙን ጠይቄው አያውቅም።»

እማማ ሮዜና በትሯን ጣለችው። ስታለቅስ አይቻት ስለማላውቅ መጀመሪያ የታመመች መሰለኝ። ሴቶቹ እየዘመሩ ከበቧቸው። ክላረንስ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ፤ ሁሉም አቀፈው፣ የሴሊና ልጆች ጀርባው ላይ ወጡበት፣ ሳህኑ ላይ የተከመረለትን ዓሣ አራት ሰው አይጨርሰውም። እኔ ዋረንን ሄጄ በክንዱ ያዝኩት። የሞተ ሰው ያስነሳ መስሎኝ ነበር። በሕይወቴ ደስ ያለኝ ቀን ቢባል ዛሬም ሳላስበው የሚመጣብኝ ያ ቀን ነው፤ ይህ ደግሞ ያናድደኛል።

ክላረንስ እኛ ደጅ ሲቆም ድርሻውን ከሸጠ ወር አልፎታል። የኩባንያው ሰዎች ፊላደልፊያ ቤቱ መጥተው፣ ደቡብ ውስጥ አያትህ የተወልህ ቁራጭ ረግረግ አለ ብለው አስፈርመውታል። ዘመድ መኖሩን የነገሩት ከፈረመ በኋላ ነው። ዘመድ ሊያይ ጓጉቶ መጣ። ይህን የሰማ አንድም ሰው እዚያ ኦክ ሥር አልነበረም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

በጥቅምት የሸሪፉ ሰው፣ የአካባቢው ፖሊስ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ወረቀት አመጣ። አጎቴ ኤላይጃ ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ከዚያ የሽሪምፕ ቅርጫቱን በእርግጫ እስከ ረግረጉ አደረሰው። እናቴ ቅዳሜ ሳይሆን ረቡዕ መጣች። ከእሷ ጋር አንድ ወጣት ጥቁር ጠበቃ ነበረ፤ ሻንጣው አዲስ፣ ዓይኑ የደከመ። በረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ደረጃው ላይ ነኝ።

«መሬቱ የሁላችሁም ነው» አለ ጠበቃው። «ችግሩም ይኸው ነው። የሁላችሁም ስለሆነ ከመካከላችሁ አንዱ፣ ወይም የሱን ድርሻ የገዛ፣ ድርሻዬ ይለይልኝ ማለት ይችላል። ዳኛው ተቆራርጦ አይካፈልም ካሉ መሬቱ በሙሉ ለጨረታ ይወጣል።»

«ሁላችንም አንሸጥም ብንልስ?» አለች እናቴ።

«አንድ ሰው ይበቃቸዋል።»

እማማ ሮዜና ዘንቢሏን እየሰፋች ነበር። «ልጄ፣ አንተ ተሳስተሃል። የሁሉም የሆነ ነገር አይሸጥም» አለችው፣ በርኅራኄ።

ጠበቃው መሬት መሬት አየ። «አንድ ነገር አለ» አለ። «ክላረንስ የናንተ ጆብ ዘር መሆኑን ማስረዳት ያለባቸው እነሱ ናቸው። ወረቀታቸው ደካማ ነው። ሁለት ዓይነት ሃትሊ፣ ሁለት ጆብ አለ። ይህን ለይተው የሚያውቁ በሕይወት ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ እነሱም ሊጠሩዎት ነው። ምን ይበሉ ብዬ ልነግርዎ አልችልም፣ ሕጉ አይፈቅድልኝም።» ሻንጣውን አንስቶ ሄደ።

አጎቴ ኤላይጃ እንደ ልጅ ጉልበቷ ሥር ተንበረከከ።

«እማዬ፣ አላውቀውም በይ። ሌላ ምንም አትበይ። አንዲት ቃል ናት።»

«ጴጥሮስም አንዲት ቃል ናት ብሎ ነው የጀመረው።»

«ጴጥሮስ መሬት አልነበረውም።»

«ይህን ሁሉ ዓመት ‹ጆብ፣ ቦታህ አለ› ብዬ ጠራሁት። አሁን ሲመጣ ‹ማን ነህ?› ልበለው? አባቴን የት አግኝቼ ነው የምነግረው?»

«እኛንስ የት ታገኚናለሽ?» አለ አጎቴ። «አንቺ ለሙታን ብቻ ነው የምታስቢው?»

እናቴ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ውሃ ከፍታ ብዙ ቆየች።

እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ ይህ ነው፤ እማማ ሮዜና ፍርድ ቤት ፈተና ልትፈተን ነው፤ ካቶ እነማንን እንደወለደ ትጠየቃለች፤ አርጅታለችና ትረሳለች ብለው ፈርተዋል፤ ከረሳች መሬታችን ይወሰዳል። ስለዚህ ላስጠናት ወሰንኩ። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳው ላይ ፊት ለፊቷ እቀመጣለሁ።

«የካቶ ልጆች እነማን ናቸው?»

«ማርች፣ ሴሊና፣ ጆብ።»

«ጆብ የት ሄደ?»

«ፊላደልፊያ።»

«የጆብ የልጅ ልጅ ማን ይባላል?»

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ትዘገይ ነበር። የዘንቢሉን ሣር በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፣ ትጠቀልላለች። እኔ ረስታው ስለመሰለኝ «ክላ…» እላታለሁ። «ክላረንስ» ትላለች። «ጎበዝ» እላታለሁ፣ አስተማሪዬ እንደምትለኝ።

የፍርድ ቤቱ ቀን ነጭ ጓንቷን አደረገች። አዳራሹ የቤተ ክርስቲያን ያህል ከፍ ያለ ነው፤ እኛ በአንድ ወገን፣ ዋረንና የኩባንያው ጠበቃ በሌላው። ክላረንስ ብቻውን ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። እማማ ሮዜና መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ እጇን ጭና ማለች። ከዚያ የኩባንያው ጠበቃ፣ ሽበታም ነጭ፣ ድምፁን አለስልሶ ይጠይቃት ጀመር።

ሁሉንም መለሰች። ካቶ የተወለደበትን ማሳ፣ የሚስቱን የቢናን እናት ስም፣ ማን በየትኛው ጎርፍ እንደሞተ፣ ወዲህና ማዶ ያሉት ሃትሊዎች የት ላይ እንደሚለያዩ። አንድም አልተደናቀፈችም። ከንፈሬ ከሷ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። ዳኛው እንኳ ብዕራቸውን አስቀምጠው ይሰሟት ነበር። ኩራት ሆዴን ሞላው።

«ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ያውቁታል?» አለ ጠበቃው።

የጓንቷን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች፣ ፈታች። አጎቴ ኤላይጃ ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ፊት አዘነበለ። ያቺው ክፉ ጥያቄ ናት፣ ሁልጊዜ የምትዘገይባት። እግዜር ሆይ፣ አስታውሳት አልኩ።

«ክላረንስ ነው» አለች እማማ ሮዜና። «የጆብ የልጅ ልጅ። የኛው የጆብ።»

«በምን ያውቃሉ?»

«የቤት ስሙን ነገረኝ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጄ፣ ሰው የገዛ ሥጋውን እንዴት ያጣዋል?»

ላጨበጭብ እጄን ሳነሳ እናቴ ሁለቱንም መዳፎቼን ይዛ ጭኗ ላይ ቀበረቻቸው። የኛ ጠበቃ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ወደ ሻንጣው ይመልስ ነበር። ዋረን የጣሪያውን ማራገቢያ ያያል። ዳኛው የሆነ ነገር ተናገሩ፣ ለኔ አልገባኝም፤ ስንወጣ ግን ማንም አላመሰገናትም።

ኮሪደሩ ላይ ክላረንስ ባርኔጣውን ይዞ ጠበቀን።

«እህቴ ሮዜና፣ አላወቅኩም ነበር። ረግረግ ነው ነበር ያሉኝ።»

«ረግረግም አለው» አለችው።

«ገንዘቡን ልመልስ ብዬ ለመንኳቸው። አይሆንም አሉኝ።»

«አውቃለሁ፣ ወንድሜ። ምሳ በልተሃል?»

አጎቴ ትቷቸው ወጣ። ክላረንስ ራሱን ነቀነቀ፤ ይብላ አይብላ አልታወቀም። ከዚያ በኋላ አይተነው አናውቅም። በሚቀጥለው የነሐሴ እሑድ የምንሰበሰብበት ዛፍ አልነበረንም። መሬቱ በሚያዝያ እዚያው ፍርድ ቤት ደረጃ ላይ ተሸጠ፤ የገዛው ያው ኩባንያ ነው። ዛሬ ካቶና ማርች የተቀበሩበት ቦታ በግንብ አጥር ውስጥ ነው፤ ልጎበኛቸው ስሄድ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ትሑት ወጣት ነው፣ «ማንን ሊጠይቁ ነው?» ይለኛል። እማማ ሮዜና በእናቴ የኪራይ ቤት ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሞተች።

ያን ቀን ግን እኔ የማውቀው ፈተናውን ማለፋችንን ብቻ ነው። አጎቴ ይነዳል፣ እናቴ ከጎኑ፣ እኔና እማማ ሮዜና ከኋላ። ድልድዩን ስንሻገር ረግረጉ በፀሐይ ወርቅ ሆኖ ነበር። ለምን ዝም እንዳሉ አልገባኝም። ደክሟቸው ይሆናል አልኩ። እሷ ግን ማንም ጎበዝ ሳይላት ቤት መግባት የለባትም።

«እማማ» አልኳት፣ ሁሉም እንዲሰማ። «አንድም አልሳትሽም እኮ።»

ነጭ ጓንቷን አወለቀችና እጄን ያዘች።

«አዎ፣ የኔ ልጅ» አለች። «አንድም አልሳትኩም።»

አጎቴ ኤላይጃ መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቆመ። ወርዶ፣ ዞሮ፣ ከኋላ ጎማው አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶን ቁጢጥ አለ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ጎማው ተነፈሰ?» አልኩ።

«አዎ» አለች እናቴ ወደ ፊት እያየች። «እስኪሠራው እንጠብቀው።»

ጠበቅነው።